የ«ዋን ፒስ»ን መጀመሪያ ኒካ አበላሽቶታል?

ገለባ ኮፍያ፦ ሰሞኑን የጃፓኑን የባሕር ላይ ወንበዴዎች ማንጋ (የሥዕል ታሪክ) «ዋን ፒስ»ን እንደ አዲስ ከምዕራፍ 1 ጀመርኩት። ደራሲው ኤይቺሮ ኦዳ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ዋናው ገጸ ባሕሪ ሉፊ ማንም አልነበረም። ሳያውቅ አስማተኛ ፍሬ በልቶ ላስቲክ የሆነ የመንደር ልጅ ነው። የወደድኩትም ለዚህ ነው። ምዕራፍ 1044 ላይ ግን ፍሬው የፀሐይ አምላክ የኒካ ሆኖ አረፈው! ካሁን በኋላ መጀመሪያው እንደ ድሮው አይጥመኝም።

ቀይ ፀጉር፦ ኧረ በናትህ! እኔ እንደውም አሁን ነው የጣመኝ። የባሕር ላይ ወንበዴው ሻንክስ ልጁን ዘቅዝቆ ፍሬውን ትፋ እያለ ሲያራግፈው ድሮ ስቄ ነበር ያለፍኩት። በኋላ ግን ፍሬውን ከመንግሥት መርከብ እንደዘረፈው ሰማን። ተመልሰህ ያንን ድንጋጤውን እየው።

ገለባ ኮፍያ፦ ኦዳ ራሱ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል ብሎ ነው የጀመረው። ያኔ ኒካን አስቦ ነበር ልትለኝ ነው?

ዘግይቶ መጪ፦ እኔ ገና ምዕራፍ 300 ላይ ነኝ። አመሰግናለሁ፣ ጨረሳችሁልኝ።

ቀይ ፀጉር፦ ይቅርታ ወንድሜ 😂

ማሚት፦ ሁለታችሁም ፍሬው ላይ ተጣበቃችሁ። አምላክም ሆነ ላስቲክ፣ ፍሬውን የበላ መዋኘት አይችልም! ሽፍታው ሂጉማ ባሕር ሲጥለው ፍሬው ምን ፈየደለት? ያተረፈው የሻንክስ ክንድ ነው። ሻንክስ መጠጥ ሲደፉበት ስቆ ያለፈ ሰው ነው፣ ጓደኛው ሲነካ ግን ዝም አላለም። የምዕራፍ 1 ነገሩ እዚያ ነው ያለው።

ሦስት ሰይፍ፦ እሺ፣ ክንዱንስ? ክንዱን የነከሰውን የባሕር አውሬ በኋላ በዓይኑ ብቻ አፍጥጦ አባረረው። ታዲያ ከመነከሱ በፊት ለምን አላፈጠጠም? በኋላ ከአራቱ ኃያላን የባሕር ላይ ወንበዴዎች አንዱ የሆነ ሰው እኮ ነው።

ቀይ ፀጉር፦ ምዕራፍ 434 ላይ ለሌላው ታላቅ ወንበዴ ለኋይት ቢርድ መልሶታል። ክንዴን ለአዲሱ ዘመን አስይዤው መጣሁ ብሎ።

ሦስት ሰይፍ፦ አሪፍ አባባል ነው። መልስ ግን አይደለም።

ማሚት፦ ልጁ እየሰመጠ ነው፣ ሰውዬው ዘሎ ገባ። ማን ያሰላል?

ገለባ ኮፍያ፦ ክንዱን ተቀብያለሁ። ፍሬውን ግን አልውጥም።

ማሚት፦ አትዋጥ። ምዕራፍ 81 ስትደርስ ግን የመርከቡ ጓደኛው ናሚ እርዳኝ ስትለው ሉፊ ምን እንደሚያደርግ እይ። ኮፍያውን ነው ጭንቅላቷ ላይ የሚያደርግላት። ያንኑ ሻንክስ የሰጠውን ኮፍያ።

ገለባ ኮፍያ፦ እሱን እንኳ ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ። እሺ፣ እዚያ ስደርስ እንቀጥላለን።