የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ ሌባ፣ አንዱ ጨዋ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የጠባሴዋ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ ወጥቼ በግ እያደለብኩ እሸጣለሁ። ካቻምና የስቅለት ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ስግደት ውሎ ሲመለስ ጋጣው ውስጥ ሦስት ሙክት ጎድሎ አገኘን። በሩ አልተሰበረም። ሽቦው ተፈትቶ ተመልሶ ታስሯል፤ ያውም እኔ እንደማስረው፣ ሁለት ዙር ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ። ያንን ሳይ ወገቤ ተቆረጠ፤ ያን አስተሳሰር የሚያውቀው የቤት ሰው ብቻ ነዋ። የጎረቤቴ ሁለተኛ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት፣ በጎቼን ሲጠብቅልኝ ያደገ ልጅ። ስምንት ወር ታስሮ ወጥቷል።

ታላቅ ወንድሙ በዚያው ቤት፣ ከዚያው መሶብ በልቶ ነው ያደገው፤ ዛሬ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራ እናቱን ይጦራል። ድህነት ነው እንዳልል ድህነቱ የሁለቱም ነበር። «ደሙ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ልቤ አልተቀበለውም። የተማራችሁ እስቲ ንገሩኝ። ልጁ ሥራ ፍለጋ በር ለበር እየዞረ ነው፤ የምጠይቀው ለወሬ አይደለም።

የሕግ ተማሪው
እትዬ፣ «ደሙ ነው» የሚለውን ጣሊያናዊው ሐኪም ሎምብሮሶ እ.ኤ.አ. በ1876 ሳይንስ አድርጎ ጽፎት ነበር፤ ወንጀለኛ ሲፈጠር ጀምሮ በመንጋጋው፣ በጆሮው ይለያል ብሎ። እንግሊዛዊው ጎሪንግ እስረኞችን ካልታሰሩ ሰዎች ጋር ለክቶ አነጻጸረና የተባለውን መልክ እንዳላገኘ በ1913 አሳወቀ። ልብዎ ልክ ነው።

ሜርተን የሚባለው አሜሪካዊ በ1938 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ፣ ኅብረተሰቡ ሁሉንም «ሀብታም ሁን» እያለ ይገፋል፣ መንገዱን ግን ለሁሉም አይከፍትም፤ አንዳንዱ ያኔ አቋራጭ ይፈልጋል የሚል ነው። ታላቅየው ለምን አቋራጩን እንዳልፈለገ ግን በዚህ አይመለስም። ለእኔ ሌላው አሜሪካዊ የወንጀል ተመራማሪ ሰዘርላንድ ይቀርበኛል። ስርቆት እንደ ማንኛውም ሥራ ከቅርብ ሰው የሚለመድ ነው ይላል፤ ዘዴው ብቻ ሳይሆን ራስን ማሳመኛ ሰበቡም ጭምር። ልጁ ከማን ጋር ይውል ነበር? ሦስት ሙክት በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ብቻውን ያወጣ አይመስለኝም።

ከመሐል ሜዳ
እኔ የማውቀው ጓሳን ነው፤ የመንዝን የጋራ የሣር መሬት። አባቶቻችን ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ በዝጉ ጊዜ ያጨደ ይቀጣል። ቅጣቱ ብቻውን ግን አላስከበረውም፤ ሁሉም ባለመብት ስለሆነ ሁሉም ይጠብቅ ነበር። ከብት ሲጠፋም አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ሁሉም ያየውን የሰማውን እየማለ ይናገራል። የስቅለት ዕለት ግን በሰፈራችሁ ማን ቀረ? ውሻ እንኳ አላችሁ?

የሕግ ተማሪው
አባቴ፣ ኮኸንና ፌልሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1979 የጻፉት ይህንኑ ነው። መስረቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሊወሰድ የሚችል ንብረት፣ የጠባቂ አለመኖር፤ ሦስቱ በአንድ ሰዓት ሲገጥሙ ስርቆት ይሆናል። ቀኑን ይነግረናል እንጂ የልጁን ልብ አይነግረንም።

አንድ የወጣ
እኔም ታስሬ ወጥቻለሁ። ከወጣሁ በኋላ ስሜ ቀርቶ «ያ የታሰረው» ተባልኩ። ለቅሶ ቤት ገብቼ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ምንም አላለችኝም፤ ግን ያን ዕለት ወደ ድሮ ጓደኞቼ ሄድኩ፤ እነሱ ጋ ቦርሳ የሚያነሳ የለም። የመለሰኝ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቁልፉን ሰጠኝ።

የሕግ ተማሪው
ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ሂርሺ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1969 ጥያቄዎን ገልብጦታል፤ ሰው ለምን ይሰርቃል ሳይሆን ለምን አይሰርቅም? የሚይዘው ገመድ ስላለ ነው ይላል፦ የሚሳሳለት ሰው፣ እንዳይበላሽበት የሚፈራው ነገር፣ ቀኑን የሚሞላ ሥራ፣ ሕጉ ልክ ነው ብሎ ማመን። ታናሽየው ከነዚህ የትኛው ነበረው?

የጠባሴዋ መምህርት
ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም። ታላቅየው ዕቁብ ይጥላል፣ እጮኛ አለችው፣ ሰንበቴ አይቀርም። ታናሹ አባቱ ሲሞት ከስምንተኛ ክፍል ወጣ፤ እናቱ እንጀራ ልትሸጥ በሌሊት ትወጣለች፣ የት ዋልክ የሚለው ሰው አልነበረም። እኔ ዘንድ ግን ይውል ነበር። ከዚያ በጎቹን ጋጣ ውስጥ በፉርሽካና በፋጉሎ ማደለብ ጀመርኩ፣ እረኛ አላስፈለገኝም። አሰናበትኩት። መቶ ብር ጨምሬ መርቄ ነበር የሸኘሁት፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደሚውል አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ስርቆቱን ሰበብ አላደርግለትም፤ ሦስቱ ሙክት የልጄ የትምህርት ወጪ ነበሩ። ግን ከገመዶቹ አንዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ እናቱን አነጋገርኩ። ከሰኞ ጀምሮ ፉርሽካ እየጫነ፣ ጋጣ እየጠረገ በወር ደመወዝ ይሠራል። ልጆቼ ተቆጥተዋል፤ በሩን ቁልፍ አስገቢበት ይሉኛል። ሽቦውን አልቀየርኩትም።