የሰፈር ልጆች መኪናዬን አበላሹት፤ ከወላጆቻቸው ጋር ሳልጣላ እንዴት ልጨርሰው?

የዘንባባ ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14 አካባቢ ነኝ። ግቢው መኪና ስለማያስገባ ቪትሷ ውላ የምታድረው ውጭ፣ ኮብልስቶኑ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ነው። ልጆቹ ከ6 እስከ 11 ዓመት ይሆናቸዋል፤ የሁለት ግቢ ልጆች ናቸው። ጉዳቱ ይሄ ነው፦ በሾፌሩ በኩል የኋላ በር ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት፤ ኮፈኑ ላይ በጣት የተጻፈ የሚመስል ብዙ ቀጫጭን ጭረት፤ ጣሪያው ላይ መዳፍ የሚያህል ስርጉዳት፤ የኋላ ፓራውልት ጥጉ ገባ ብሏል፤ ፓራብሬዛው ላይ ምስር የምታህል የድንጋይ ምት አለች። አንዱ ጎማ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ተገኝቷል።

የትኛውን ራሴ ላስተካክል፣ የትኛውን ጋራዥ ልውሰድ? ወላጅን ማስከፈልስ በሕግ ያስኬዳል ወይ? ከሁለቱም ቤት ጋር አንድ ዕድር ነን፣ ቡና እንጠራራለን፤ ነገሩ ጠብ እንዲሆን አልፈልግም። ኢንሹራንሴ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። መኪናዋ ነጭ ናት።

ባትላሜራው፦
ወንድሜ፣ ከማጠብህ በፊት ፎቶ አንሳት፤ ታጥባ ስትደርቅ ደግሞ ድገመው። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ጋደል ስትል ከጎን አንሳ፤ ቀትር ላይ ፊት ለፊት ቆመህ ካነሳህ ጭረቱ አይወጣም። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ያዝ።

አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርግ። ኮፈኑን የጫረው የልጆቹ ጣት አይደለም፣ ከጣታቸው ሥር የገባው አሸዋ ነው። የመንገድ አቧራ ከቀለሙ የላይኛ ሽፋን፣ ክሊር ከምንለው ይጠነክራል። አንተም በጨርቅ ስትወለውለው ያንኑ ጽሑፍ አስፍተህ ትጽፈዋለህ። ውሃ ከላይ ወደ ታች ልቀቅበት፣ ከዚያ የመኪና ሻምፖ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ጠራርጎ ስለሚወስድ ተወው።

ቀጥሎ ምርመራ። ጭረቱን አርጥበው፤ ሲረጥብ ከዓይን የሚጠፋ ከሆነ ክሊሩን አላለፈም። ሲደርቅ ጥፍርህን አቋርጠህ ሳበው። ካልያዘህ ፖሊሽ ያወጣዋል። ከያዘህ ሥሩን ተመልከት፦ ግራጫ ከሆነ ከቀለሙ ሥር የሚቀባው ፕራይመር ጋ ደርሷል፣ የሚያብለጨልጭ ወይም ቡኒ ነገር ካየህ ላሜራው ጋ ገብቷል። ነጭ መኪና ላይ ይሄ ስለሚያሳስት የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ክሊሩ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። «ትንሽ ልጨምርበት» እያሉ ሲፈገፍጉ ሳይታወቅ ማለፍ ያለው ለዚህ ነው።

ኮፈኑን ራስህ ትችለዋለህ። ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ጥላ ላይ፣ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር እየከፈልክ ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያወጣውን ቅባት) በስፖንጅ ሥራው፤ አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው አትሂድ፣ ደርቆ ይቀርብሃል። ጠርዙና የወጡት መስመሮች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ቀድመህ በወረቀት ፕላስተር ሸፍናቸው። መጨረሻ ላይ ጥሩ ፖሊሽ፣ ከዚያ ሰም። ቀለምህ የቶዮታ 040 ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሊር የሌለው ነጭ ነው፤ ስፖንጁ ነጭ ቢሆን አትደንግጥ፣ ግን እጅህን አቅልል። ቁጥሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ባለው ሳህን ወይም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ «ሲ/ቲአር» (C/TR) ከሚለው ቀጥሎ አለ፤ ከመስመሩ በፊት ያሉት ሦስት ምልክቶች ናቸው ቀለሙ።

የበሩ ጭረት ላሜራ ከነካ ለክረምት አታሳድረው። ባሕር ዳር ሰኔ ከገባ እርጥበቱ አይለቅም፤ ዝገቱ ከጭረቱ ግራና ቀኝ ከቀለሙ ሥር ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ያኔ የክንድ ጭረት የሙሉ በር ሥራ ይሆናል። ለጊዜው እንዲህ አድርግ፦ ዝገት ካለ የጭረቱን ውስጥ ብቻ በቀጭን የታጠፈ ብርጭቆ ወረቀት (800) አውጣው፣ በአልኮል ጥረገው፣ በስቴኪኒ ጫፍ ፕራይመር አስገባ። ሲደርቅ በቁጥሩ የተቀላቀለውን ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገህ ደርብ፤ በየመሃሉ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቅ። አንዴ አወፍራለሁ ካልክ ይጨማደዳል። ከቅርብ ያዩታል፣ ከሩቅ አያዩትም፤ አይዝግም፣ ዋናው እሱ ነው። እንዳልነበረ ይሁን ካልክ በሩ ሙሉ መቀባት አለበት። ግማሽ በር የሚቀባ ሰው ካጋጠመህ ተሰናበተው፣ መጋጠሚያው በዓመት ውስጥ ይወጣል።

ጣሪያው ልጅ የቆመበት ወይም የተቀመጠበት ነው። ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ስቱኮ (ስርጉዱን የሚሞላው ልስን) አያስፈልገውም። የውስጥ ጣሪያው ጨርቅ ወርዶ ከሥር በመዳፍ ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ብዙ ጊዜ «ጧ» ብሎ ይመለሳል። ከላይ የሚቀጠቅጥ ባለሙያ አያስፈልግህም። ስቱኮ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ እዚህ ፀሐይ ላይ ጣሪያ አይበረክትም፤ ላሜራው ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል።

ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፤ የፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ሊትር አፍስስበት፣ ጓንት አድርገህ ከውስጥ ግፋው፣ ሲመለስ ቀዝቃዛ ውሃ ድፋበት። ፍል ውሃ ለብረት ምንም አይሠራም፤ ጣሪያው ላይ እንዳትሞክረው።

ፓራብሬዛው ላይ ያለችው ምት ዛሬውኑ ግልጽ ስኮች ትለጠፍባት። ውሃና አቧራ ከገባባት በኋላ የሚሞላው ሙጫ አይይዝም። ከሾፌሩ ዓይን ፊት ካልሆነችና እግር ካላወጣች ተሞልታ ትቆያለች። ፀሐይ ላይ የዋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፋ፣ ያኔ ነው እስከ ዳር የሚሰነጠቀው።

ጎማውን ከጎሚስታ በፊት ራስህ እየው። የቫልቮላውን ክዳን ክፈትና ምራቅ ቀባበት፤ አረፋ ካወጣ መርፌው ላልቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ልጆች ክዳኑን ለጨዋታ ይወስዱና በእንጨት ጫፍ መርፌውን ሲጫኑት ይተነፍሳል፤ «ጭስስ» የሚለው ድምፅ ነው የሚያስደስታቸው። መርፌው ተቀይሮ ክዳን ይግባለት፣ የብረቱ ይሁን። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ካለ ግን አይለጠፍም፤ ጎማው ይቀየራል።

ሕግና ሰፈር፦
የሕጉን ጥያቄ ልመልስልዎት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 መሠረት አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው። አንቀጽ 2125 ደግሞ ሥልጣኑ በእናት እጅ ከሆነ እናትን፣ ልጁ ከቤተሰቡ ውጭ የሚኖር ከሆነ አሳዳሪውን በአባት ቦታ ያስቀምጣል። ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው (2143)። ስለዚህ መክሰስ ይቻላል። ፖሊስ ጋ መሮጥ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከዚያ በላይ ያሉትም እስከ 15 ዓመት በተለየ ሥርዓት ነው የሚታዩት። ልጅ በጆሮ መጎተት ወይም በኩርኩም መማታት ደግሞ ከሳሹን ተከሳሽ ያደርጋል።

ሕጉ የሚከፍልዎት በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። በሩ ላይ የቆየ ጭረት ከነበረ የሙሉ በር ቀለም መጠየቅ አያስኬድም፤ ጎረቤትም አያከብርዎትም። ከሁለት ጋራዥ ፕሮፎርማ ያውጡ፣ እያንዳንዱ ጉዳት ለየብቻው ይጻፍ። ከፕሮፎርማው በፊት ካሠሩት ዋናው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው «የማን ልጅ?» የሚለው ነው። ያየ ሰው ከሌለ ሁለቱን ቤት በአንድ ላይ ከስሶ መርታት ይከብዳል፤ በሽምግልና ግን ሁለቱ ቤቶች ወደው ቢካፈሉ ማንም አይከለክላቸውም።

ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የታርጋ ቁጥር፣ የጉዳቱ ዝርዝር፣ የገንዘቡ መጠን በፊደልና በአኃዝ፣ የክፍያ ቀኖች፣ «በዚህ ጉዳት ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሚጠቅመው እነሱን ነው፤ እሱን ሲያዩ እጃቸው ለመክፈል ይፈታል።

ኢንሹራንሱን ይርሱት። በአዋጅ 799/2005 የሚገደደው የሦስተኛ ወገን ዋስትና መኪናዎ በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፣ ለራስዎ በር አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ቢኖርዎትም እንኳ ባለቤቱ መጀመሪያ ራሱ የሚችላት መጠን ስላለች ለአንዲት ጭረት መጠየቅ አያዋጣም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ አካሄዱን እንይ። ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ አባትየው ከሥራ ገብቶ ከእራት በፊት፣ ከአንድ የዕድር ሽማግሌ ጋር ሂድ። በር ላይ ቆመህ አትናገር፣ ግባ ሲሉህ ግባ፣ ውሃም ቢሆን ቅመስ። ልጁ በሌለበት ይሁን፤ ልጅ ፊት የተወቀሰ አባት ወይ ልጁን ሲደበድብ ያመሻል፣ ወይ አንተን ይጣላል። «እትዬ፣ ልከስ አልመጣሁም። ይቺን ፎቶ አብረን አይተን እንድንመክር ነው» ካልክ በኋላ ዝም በል። የዋጋው ወረቀት ኪስህ ውስጥ ይቆይ፤ «ስንት ይፈጃል?» ብለው እነሱ ሲጠይቁ አውጣው። ለቅሶ ባለበት ሳምንት ወይም የበዓል ዋዜማ እንዳትሄድ።

ማንጎውን ግን ማንም አላነሳውም! የፓራብሬዛዋ ድንጋይ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ማንጎ ሲደርስ ልጅ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚወረውር፤ የወረወረው ድንጋይ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ጣሪያው ላይም የወጡት ቅርንጫፍ ለመያዝ ነው። ማንጎው እስኪያልቅ መኪናዋ ከዛፉ ቢያንስ ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ትራቅ፤ ጥላው ቢቀርም ይቅር። ወይም ባለቤቱን አስፈቅደህ የደረሰውን አስለቅመህ ለልጆቹ አድላቸው።

ኳሱን ደግሞ ተመልከት። የብረት በር የሚመታበት ድምፅ ደስ ስለሚላቸው ሁልጊዜ ጎል የሚያደርጉት በር ነው። መኪናህ በሩ አጠገብ ከቆመች የሳተ ኳስ ሁሉ አንተን ነው የሚያገኝ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከጎሉ ራቅ አድርገህ በጎን በኩል አቁማት። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጅራፍ አለ፤ እስከ ቡሄ ድረስ ስፖኪዮዎቹን አጥፈህ እደር።

«መኪናዬን ጠብቁልኝ» ብሎ ሳንቲም መስጠትን አልደግፍም። ሳንቲሙ የቀረ ቀን ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ይልቅ ለስላሳ ኳስ ግዛላቸው፣ የገዛህላቸውም ጎሉን ከመኪናዋ ዞር እንዲያደርጉ መሆኑን ንገራቸው።

የዘንባባ ጥላ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የመኪና ልብስ ላለብሳት አስቤ ነበር፣ አላርምም ላስገጥም። ደግሞ የበሩን ጭረት ልጆቹ ሲያደርጉት ያየ ሰው የለም፤ በምን ይታወቃል?

ባትላሜራው፦
ልብሱ ንጹሕ መኪና ላይ፣ በደንብ ከታሰረ ብቻ ነው የሚጠቅም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ልብሱን ሲያርገበግበው ከሥሩ ያለው አቧራ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አላርሙን በተመለከተ፣ ስሜቱ ከፍ ብሎ ከተስተካከለ ልጆቹ ለማስጮኽ ብለው ጎማውን ይመቱልሃል፤ አዲስ መጫወቻ ገዛህላቸው ማለት ነው። ካስገጠምክ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አስደርገው፣ መስታወት ሲመታ እንጂ ኳስ ሲነካው እንዳይጮኽ።

ስለ በሩ፦ ልጅ በቆርኪ ወይም በሚስማር የጫረው ይወዛወዛል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ቁመቱም የልጁ ደረት ጋ ነው። የብስክሌት መሪ ከሆነ አጭር ነው፣ የላስቲክ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ባጃጅ ታክኮ ካለፈ ግን ቀጥ ያለ፣ ከመሬቱ ጋር እኩል የሚሄድ መስመር ይሆናል፤ ከጎኑ ሌላ ስስ መስመር ይኖረዋል፣ በጭረቱ ውስጥም የባጃጁ ቀለም ይቀራል። ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክረህ አንዴ ጥረግና የወጣውን ቀለም እይ። ሳታይ ወላጅ ጋ እንዳትሄድ።

የዘንባባ ጥላ፦
ጠረግኩት። ጨርቁ ላይ ሰማያዊ ወጣ። መስመሩም ቀጥ ያለ ነው፣ ከበሩ አልፎ ከኋላው ጎማ በላይ እስካለው ድረስ ይሄዳል።

ሕግና ሰፈር፦
እንግዲያው በሩን ከፕሮፎርማው ላይ ያስወጡት፤ የጣሪያውን፣ የፓራውልቱንና የፓራብሬዛውን ብቻ ይዘው ይሂዱ።

ባትላሜራው፦
ፓራውልቱንም በፍል ውሃ ሞክረው እስቲ መጀመሪያ፤ ከተመለሰ ምን ልታስከፍላቸው ነው?