የሰው አካል ንድፍና ሥዕል ለሚማሩ ተማሪዎች እርማት ስለምንሰጥበት መንገድ፦ በጋራ ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት፣ ድሬዳዋ

አስተባባሪ፣ ከዚራ

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት፣ በክረምቱ ኮርስ የሰው አካል ንድፍና ሥዕል ለሚማሩ ወጣቶች እርማት የምንሰጥበትን የጋራ ዕቅድ ረቂቅ አቀርባለሁ። ረቂቁ ያስፈለገው አንድን ክፍል ሦስት መምህራን እየተፈራረቅን ስናስተምር የመጀመሪያው ያመሰገነውን ሥራ ሁለተኛው ስለሚነቅፈው፣ ተማሪውም ሥራውን በማን ዓይን እንደሚያይ ግራ ስለሚገባው ነው። ለጊዜው የያዝኩት ሦስት ነጥብ ነው። መምህሩ ከመናገሩ በፊት ተማሪው ስለ ሥራው ይናገር፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ዋና እርማት አንድ ይሁን፣ እርሱም የዕለቱ ልምምድ የጠየቀውን ነገር የሚመለከት ይሁን፤ የመምህሩ እርሳስም በተማሪው ወረቀት ላይ አይረፍ። የምትቃወሙትን ከነምክንያቱ ጻፉልኝ፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ ከእናንተው ቃል ማዘጋጀት እፈልጋለሁ።

አባል፣ ሳቢያን

ሁለተኛውን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ሞዴሉ፣ ማለትም እንዲሣል ከፊታችን የሚቆመው ሰው፣ ለ5 ደቂቃ ብቻ ቆሞ በተሠራ ንድፍ ላይ ስለ ጣቶች ቅርጽ የሚሰጥ እርማት፣ ትክክል እንኳ ቢሆን፣ ያለ ቦታው የተነገረ ነው። አጭር ንድፍ የሚጠይቀው የሰውየው ክብደት የት እንዳረፈ ነው። ሰው በአንድ እግሩ ላይ አርፎ ሲቆም ክብደቱን በተሸከመው በኩል ያለው ዳሌ ከፍ ይላል፣ የዚያው ጎን ትከሻ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ከአንገቱ ጉድጓድ ቱንቢ ቢጣል ደግሞ በተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አጠገብ ይወርዳል። ስለዚህ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ብሎ ከማለፍ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የታሰረ ክር ለተማሪው ሰጥቶ «ሞዴሉ ላይ የት ወረደ? ወረቀትህ ላይስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ክሩንም ነገ እኛ በሌለንበት ይጠቀምበታል።

የመጠን ቀመሮቻችንም እንዲሁ ተማሪው ሥራውን የሚፈትሽባቸው ይሁኑ እንጂ የምንፈርድባቸው አይሁኑ። ዓይን ከራስ ቁመት መሃል ላይ መገኘቱን መንገር ጀማሪን በእጅጉ ይረዳል፤ ፊት የሚስበውን ያህል ፀጉር የሸፈነው የራስ ክፍል ስለማይስበው፣ ጀማሪ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዓይንን ወደ ላይ ሰቅሎ ግንባርን ያሳጥራል። የአዋቂ ቁመት 7 ተኩል ራስ ገደማ ነው፣ ማለትም የራሱን ቁመት 7 ጊዜ ተኩል ያህላል፣ የምንለው ግን አማካይ ነው። ከፊታችን የቆመው ሰው ተለክቶ 7 ራስ ከሆነ፣ 7 አድርጎ የሣለው ተማሪ ልክ ነው።

በሦስተኛው ነጥብ አልስማማም። ብዙ የተማርኩት መምህሬ እርሳሴን ተቀብለው ከትከሻ እስከ ክርን አንድ መስመር ሲስቡ አጠገባቸው ቆሜ በማየት ነው። እጅ የሚያሳየውን ቃል ሁሉ አይደርስበትም፤ መምህሩ እጁን አጣጥፎ እንዲያስተምር ማዘዝ ተማሪውን ከዚህ መከልከል ነው።

አባል፣ ሐረር

ጋሼ ከሳቢያን ያነሱት ሥጋት ትክክል ነው፤ የመምህሩ እጅ መታየት አለበት። ነገር ግን ቦታው የተማሪው መስመር ላይ መሆን የለበትም፣ ምክንያቱም የመምህሩ ጠንካራ መስመር አንዴ ካረፈ በኋላ ተማሪው የራሱን መስመር ከነስሕተቱ መልሶ ሊያየው አይችልም። ስስ ወረቀት ከላይ ደርበን በእርሱ ላይ ብንስል ሁለቱም እጆች ጎን ለጎን ይቆያሉ፤ ተማሪውም ወረቀቱን እያነሣና እየመለሰ ልዩነቱን ያነብባል።

ከዚህ የበለጠ የምለምነው አንድ ነጥብ ግን በረቂቁ ውስጥ የለም። መምህሩ ከመናገሩ በፊት ተማሪው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ተማሪ ሳለሁ ሞዴሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ በቀጥታ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እንዲህ ሲሆን ጭን ወደ ዳሌ የሚሄደው ርዝመቱ ከዓይን ይሰወርና ከጉልበቱ በላይ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ሆኖ ይታያል። ያየሁትን ሣልኩ። መምህሬ በጎን በኩል መጥተው ቆሙና «ጭኑ አጥሯል፣ አስረዝመው» አሉኝ፤ እርሳቸው ከቆሙበት በእርግጥም ረጅም ነበር። አስረዘምኩት፤ ሰውየውም ከወንበሩ ተንሸራቶ የሚወድቅ መሰለ። ከዚያ በኋላ ለወራት የምስለው ዓይኔ ያየውን ሳይሆን መምህሬ ይወዱታል ብዬ የገመትኩትን ነበር። የተሳሳተ እርማት አንድ ወረቀት ብቻ አበላሽቶ አይቀርም፤ ተማሪውን በገዛ ዓይኑ ላይ እምነት ያሳጣዋል።

ሌላው የቤተ ክርስቲያንን ሥዕል እያዩ ያደጉ ተማሪዎቻችንን ይመለከታል። እነርሱ ዓይንን አጉልተው፣ አካሉን በጥቁር መስመር ከብበው ይስላሉ። በዚያ ትውፊት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ደግሞ በጎን ገጽታው በአንድ ዓይኑ ይሣላል፤ ይህ የራሱ ሕግ ያለው ሥርዓት በመሆኑ «ስሕተት» ሊባል አይገባውም። ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ እርሱም በጀርመን፣ በኮሎኝ ከተማ፣ ዘመናዊ ሥዕል ተምሮ ተመልሷል፤ አንዱን ለመማር ሌላውን መናቅ አያስፈልግም። «በዚህ ልምምድ የተጠየቅሽው ከፊትሽ የተቀመጠችውን ሴት ነው» ማለት ብቻ ይበቃል።

አባል፣ ገንደ ቆሬ

እኔ የማስተምረው ቀለም ስለሆነ የወንበሩን ሐሳብ ወደ ሰዓትም ላስፋው። ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በ10 ሰዓት የጀመርነው ሥዕል 12 ሰዓት ሲቃረብ ብርሃኑ ሌላ ሆኗል፤ በምዕራብ መስኮት የገባው ፀሐይ ወርዶ የአፍንጫው ጥላ ጉንጩን አቋርጧል። መጨረሻ ላይ የሚደርስ መምህር ተማሪው ከአንድ ሰዓት በፊት ያየውን ጥላ «የለም» ብሎ ቢያስጠፋው፣ የሐረሩ ወንድማችን የነገሩንን ስሕተት በሌላ መልኩ ደገመ ማለት ነው። ተማሪው የጥላውን ጠርዝ መጀመሪያ ላይ ቀጭን አድርጎ ያስምር፣ ሰዓቱንም በወረቀቱ ጥግ ይጻፍ።

ብዙዎቹ ተማሪዎች የቆዳን ጥላ የሚሠሩት ጥቁር በመጨመር ስለሆነ ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። «ጥቁር አትንካ» ብሎ መከልከል ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አያስተምረውም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጥላው ከብርሃኑ ስንት ደረጃ እንደሚጨልም ይይ፣ ከዚያ በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡናማና አልትራማሪን የሚባለውን ደማቅ ሰማያዊ በፓሌቱ (በቀለም መደባለቂያው ሰሌዳ) ላይ ራሱ አደባልቆ ከጥቁሩ ድብልቅ አጠገብ ያስቀምጥ። በተጨማሪ አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ በእኛ ሙቀት ፓሌት ላይ እንዳለ ይደርቃል። የሁለት ቀለሞች መገናኛ ሻካራ ሆኖ ስናገኘው አስቀድመን ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ እንስጠው እንጂ እጁን አንውቀሰው።

ሞዴሎቻችን ለብሰው ነው የሚቀመጡት፤ የከተማችንን ሰው አክብረን በዚሁ እንቀጥል እላለሁ። በዚህ ምክንያት ሥልጠናው አይጎድልም። ሽርጥ ወገብ ላይ የተቋጠረበት መስመር የዳሌውን ዘንበል ማለት በግልጽ ያሳያል፤ ድሪያ፣ ሰፊው የሴቶች ቀሚስ፣ ከትከሻ ወርዶ ክርን ላይ ሲጠራቀም ከሥሩ ያለውን ክንድ ይናገራል። መምህሩ «ይህ እጥፋት ከየት ተሰቅሎ ነው የሚወርደው?» ብሎ ይጠይቅ። ስለ ሞዴሉ ሰውነት የሚነገር ቃል ግን ከእርማታችን ይውጣ። ገብስ እየሸጡ የሚኖሩ እናት ሁለት ሰዓት ተቀምጠውልን «ሆዳቸውን ቀንሺው» ሲባል መስማት የለባቸውም፤ «ከወገብ በታች ያለው ቅርጽ ከደረቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፍቷል፣ ለኪው» ማለት ይቻላል።

አባል፣ ሳቢያን

በስስ ወረቀቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መምህሩ ሲስል ተማሪው አጠገቡ ቆሞ ይይ፣ ወረቀቱንም ለራሱ ይውሰደው። የመጀመሪያው ነጥብ ላይም አንድ ቃል እጨምራለሁ። «ሥራህን እንዴት አየኸው?» ከተባለ ተማሪው በጨዋነት «ጥሩ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። «ደጋግመህ ያጠፋኸው የትኛውን ቦታ ነው?» ቢባል በጣቱ ያሳየናል፤ እርማቱም ከዚያ ይጀምራል።

አስተባባሪ፣ ከዚራ

በሐሳባችሁ መሠረት የተሻሻለው ጽሑፍ የሚከተለው ነው።

«መምህሩ በተማሪው ወንበር ተቀምጦ፣ በወረቀቱ ጥግ የተጻፈውን ሰዓት አይቶ፣ ተማሪው የተቸገረበትን ቦታ እንዲያመለክተው ይጠይቃል። ዋናው እርማት አንድ ሲሆን የዕለቱን ልምምድ ይመለከታል፤ ተማሪው በክር፣ በእርሳስ ልኬት ወይም በቀለም ሙከራ ራሱ ሊያረጋግጠው በሚችል መልክ ይቀርባል። መምህሩ መሣል ሲያስፈልገው በተደረበ ስስ ወረቀት ላይ ተማሪው እያየ ይስላል፤ ወረቀቱም የተማሪው ይሆናል። ከትውፊታዊ ሥዕል የመጣ አሣሣል እንደ ስሕተት አይቆጠርም። እርማት ስለ ንድፉ ይናገራል፣ ስለ ሞዴሉ ሰውነት አይናገርም።»

ተከታዩ መምህር የቀደመውን እርማት እንዲያውቅ ከሥራው ጀርባ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ የሚለውን ደግሞ እኔ እጨምርበታለሁ፤ መነሻችን የመምህራን አለመናበብ ነበርና። ስስ ወረቀቱንና የሚረጩትን ጠርሙሶች እኔ እገዛለሁ፤ ክሮቹን ጋሼ ከሳቢያን ቢያዘጋጁልን ደስ ይለኛል። ተቃውሞ ካለ እስከ ዓርብ ጻፉልኝ፤ ከሌለ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በአምስት የተማሪ ሥራዎች ላይ አብረን እንሞክረዋለን።