ሞግዚቷ ሳታውቅ ካሜራ መትከል፦ መብት ነው ወይስ ድፍረት?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከአንዲት አባላችን የመጣ ነው። «የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ከሞግዚት ጋር ትውላለች። ሰሞኑን ከመሳቢያ ገንዘብ ጎደለብኝ፤ ልጄም ሞግዚቷ ስትመጣ ታለቅሳለች። የጠረጴዛ ሰዓት የሚመስል ካሜራ ልገዛ ነው። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? የቱ ዓይነትስ ይሻላል?» ሐሳባችሁን ስጡ። ስድብ ይሰረዛል።

የመንታ እናት፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ቤቱ የሷ፣ ልጇም የሷ! ከነገርሻት ካሜራው ፊት መልአክ ሆና ትውላለች። የሁለት ዓመት ልጅ «መታችኝ» ብላ አትነግርሽም። መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ።

ሞግዚት የነበረች፦ የልጅ ነገር እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል እህቴ። ግን እኔ ሰው ቤት ስሠራ ልብስ የምቀይረው ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። እዚያ እንዲህ ዓይነት ሰዓት ቆሞ ቢሆንስ? ማን አየኝ? ቪዲዮውስ ስልካቸው ላይ እስከ መቼ ይቀመጣል? ካሜራ በግልጽ ያለበት ቤትም ሠርቻለሁ። ገና ስገባ አሳዩኝ፣ የትኛውን ክፍል እንደማያይም ነገሩኝ፣ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ልጁ ከሶፋ ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ ከጥርጣሬ ያወጣኝ ያ ቪዲዮ ነው።

ሽቦ፦ ሥራዬ ካሜራ መግጠም ስለሆነ ስለ ዕቃው ልናገር። በባትሪ ብቻ የሚሠሩት ጥቃቅኖች ያለማቋረጥ ከቀዱ በጥቂት ሰዓት ይዘጋሉ፤ ውሎ ለመከታተል ከሶኬት የማይነቀል ውሰጂ። ለሌሊት የሚያገለግለው ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚያበራው ብርሃን፣ ሁለት ዓይነት ነው። 850 ናኖሜትር የሚለው ራቅ አድርጎ ያያል፣ ግን በጨለማ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ያሳብቅበታል። 940 የሚለው አይታይም፤ ርቀቱ ግን ያጥራል። ካሜራውን የፎቶ ፍሬም መስታወት ጀርባ የሚደብቅ ሰው ብዙ ነው። ማታ የራሱ ብርሃን ከመስታወቱ ነጥሮ ይመለስበትና ሲነጋ የሚያገኘው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ከመስኮት ፊት ለፊትም አታድርጊው፣ ሰው ሲገባ ጥቁር ጥላ ይሆንብሻል። ጣሪያ ጥግ ላይ ከሰቀልሽው ደግሞ የምታዪው አናት ነው፤ ፊት ለመለየት በደረት ቁመት ያለ መደርደሪያ ይሻላል። ሚሞሪ ካርዱ ለማያቋርጥ ቅጂ የተሠራ ይሁን፣ ተራው እየተጻፈበት እየተሰረዘ ቶሎ ይሞታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍርሃትሽ የውጭ ሌባ ከሆነ የተደበቀ ካሜራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሌባ የሚሸሸው የሚያየውን ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሽቦ፣ ማስረጃ አለህ?

ሽቦ፦ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሻርሎት ተመራማሪዎች ቤትና ሱቅ ሰብረው የታሰሩ 422 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። 60 በመቶ ያህሉ የማንቂያ ደወል ካዩ ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል።

ተጠራጣሪው፦ እሱ ደወል ነው፣ ካሜራ አይደለም። ደግሞ የተያዙት ናቸው የተጠየቁት፤ ያልተያዙትን ማን ጠየቀ?

ሽቦ፦ እሺ፣ ይሁንልህ። የተደበቀው ግን ማንንም እንደማያስፈራራ አትክደኝም።

ኔትወርክ፦ ሁላችሁም ሞግዚቷ ላይ አፍጥጣችኋል። ካሜራውን ከውጭ ማን ያየዋል? በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከፋብሪካ የወጡበት ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች (ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ ዕቃዎች) እየሰበሰበ የኢንተርኔት ጥቃት ሠራዊት አድርጓቸው ነበር። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የቤት ካሜራ ኩባንያ ከሰሰ፤ አንዱ ክስ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የቤት ውስጥ ቪዲዮ ያዩ ነበር የሚል ነው። ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ስለዚህ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ካርድ ላይ ብቻ የሚቀዳ ግዢ። ከሥራ ሆነሽ ማየት ካለብሽ ፓስወርዱን ቀይሪ፣ በሁለት ደረጃ (በፓስወርድና ስልክሽ ላይ በሚመጣ ኮድ) የሚከፈት አድርጊው፣ ራውተርሽ ላይ ለእንግዳ በሚከፈተው ኔትወርክ ለብቻው አስቀምጪው። ስም የለሽ ርካሽ ካሜራ ብዙ ጊዜ ማሻሻያ አይላክለትም።

የሕግ ሰው፦ ሕጉ እንደየአገሩ ነው፣ አገርሽን አጣሪ። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። መጀመሪያ ድምፅ። ምስል በሚፈቀድበት አገር እንኳ ድምፅ ሌላ ጣጣ አለው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ምስጢራዊ ንግግር ለመቅዳት የተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማይኩን አጥፊው። ሁለተኛው ራሱ ዕቃው ነው። ጀርመን ሌላ ዕቃ መስሎ ሰውን በድብቅ የሚቀርፅና የሚያስተላልፍ መሣሪያ መያዝን ራሱን ትከለክላለች፤ በ2017 ኬይላ የምትባል የልጆች አሻንጉሊት እንኳ በዚህ ከገበያ ወጥታለች።

የመንታ እናት፦ ሁሉም ፍርድ ቤት ግን እንደዚያ አይልም። ሠራተኞቹን በድብቅ ቀርፆ በስርቆት ባባረረው የስፔን ሱፐርማርኬት ጉዳይ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ለአሠሪው ነው የፈረደው!

የሕግ ሰው፦ የ2019ኙ ሎፔዝ ሪባልዳ የሚባለው ጉዳይ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ለምን እንደፈረደ እዪ። ጥርጣሬው በጎደለ ዕቃ የተደገፈ ነበር፣ ቀረፃው 10 ቀን ብቻ ቆየ፣ ያነጣጠረውም ገንዘብ መቀበያው ላይ ነበር፣ ያዩትም ጥቂት ሰዎች ናቸው። ግልጽ ካሜራ መኖሩም ለሠራተኞቹ ተነግሯቸው ነበር። ገንዘብ መቀበያ ላይ ደግሞ ማንም ልብስ አይቀይርም።

ሞግዚት የነበረች፦ የተባለው ገንዘብ የት መሳቢያ ውስጥ ነበር?

ጠያቂዋ፦ መኝታ ቤታችን። ሁላችሁንም አነበብኩ። ሳሎን ያለውን በግልጽ አስቀምጬ ልነግራት ነው፣ ድምፁም ይጠፋል። መሳቢያው ላይ ብቻ ለጥቂት ቀን የተደበቀውን አደርጋለሁ፤ እዚያ ክፍል የምትገባበት ሥራ የላትም።

የመንታ እናት፦ ሳሎኑንማ አበላሸሽው።

ሞግዚት የነበረች፦ መኝታ ቤት የምትደብቂውን ባለቤትሽ ያውቃል?

ጠያቂዋ፦ አልነገርኩትም።

የሕግ ሰው፦ እሱም እኮ እዚያው ነው ልብስ የሚቀይረው።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ። ሽቦ፣ መሳቢያውን ብቻ እንዲያይ ከየት ልግጠመው?

ሽቦ፦ መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ካለው መደርደሪያ፣ ወደ ታች አዘንብለሽ። አልጋው በምስሉ ውስጥ ከገባ እንደገና አዙሪው።