ክርክር፦ የአንባቢ ታግ ካታሎግ ውስጥ ይግባ ወይስ ደጅ ይቅር?

መነሻ፦ አንድ ቤተ መጻሕፍት አንባቢዎች በካታሎጉ ላይ የራሳቸውን ታግ (መጽሐፉን ለመግለጽ የሚለጠፍ አጭር ቃል) እና አስተያየት እንዲጨምሩ ሊፈቅድ አስቧል። የማጣቀሻ ጥያቄ መቀበሉን ወደ ቴሌግራም፣ የድሮ ፎቶዎቹን ደግሞ ፎቶ ወደሚጋራበት ድረ ገጽ ወደ ፍሊከር ሊያወጣ ነው። ይበጃል ወይስ ይጎዳል? ተከራካሪዎቹ አራት ባለሙያዎች ናቸው፦ ካታሎገር (መጽሐፍ መዝጋቢ)፣ ሲስተም (የኮምፒውተር ባለሙያ)፣ ማኅደር (የቆዩ ሰነዶችና ፎቶዎች ጠባቂ) እና ማጣቀሻ (የአንባቢ ጥያቄ መላሽ)።

ካታሎገር፦ ታጉን እቃወማለሁ። የርእሰ ጉዳይ ቃል ከተወሰነ ዝርዝር የሚመረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ስለ ወባ የተጻፈው ሁሉ በአንድ ቃል ሥር እንዲሰበሰብ ነው። አንባቢ «ለፈተና»፣ «ያላለቀ»፣ «የእኔ» ብሎ ሲለጥፍ ለራሱ ይጠቅመው ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ፈላጊ ግን ገለባ ነው። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ይጽፋል። ለማሽኑ ሦስት ቃል ነው፤ መጽሐፉም በሦስት ቦታ ይበተናል።

ሲስተም፦ የፊደሉ ችግር ታግ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ፤ የመጽሐፍ ርእስ ሲፈለግስ ያው አይደለም? መፍትሔው የተጻፈውን ሳይነኩ የፍለጋ ማውጫውን ብቻ ማስተካከል ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሱ። አምስት ፊደል በ7 ድምፅ 35 መስመር ይሆናል። ቀጥሎ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። እንደ ኢላስቲክሰርች ያለ የፍለጋ ሞተር ይህን የሚሠራ የፊደል ማጣሪያ አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ ማጣሪያውን በማውጫው ላይ ጭኖ ተፈላጊው በሚተይበው ቃል ላይ ሳይጭን ይቀራል፤ ወይም ጭኖ ሲያበቃ ነባሩን መዝገብ በሙሉ ዳግም ወደ ማውጫው ማስገባት ይረሳል፤ ያኔ እነዚህ ፊደላት ያሉበት ነባር መዝገብ አይገኝም። ኪሳራም አለው፤ «ሠረቀ» (ወጣ) እና «ሰረቀ» (ሌባ ወሰደ) አንድ ይሆናሉ። እኔ ግን ፀሐይ የወጣችበትን ፈልጌ ሌባ ቢመጣብኝ ይሻለኛል፤ ከነጭራሹ ካላገኘሁት።

ታጉን በተመለከተ፣ ማን 650 (የተወሰነው የርእሰ ጉዳይ ቃል የሚገባበት የመዝገብ መስክ) ውስጥ ይግባ አለ? ለብቻው ሠንጠረዥ ይቀመጥ። ወደ ማርክ 21 (ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ መዝገብ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) መላክ ካስፈለገ ቁጥጥር የሌለው ቃል የሚገባበት 653 አለ። ገጹ ላይም «የአንባቢዎች ቃል» ተብሎ ዝቅ ብሎ ይታይ፤ የእርስዎን ሥራ የሚነካው የለም።

ማኅደር፦ የፎቶውን ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጃንዋሪ 2008 ወደ 3,000 ገደማ ፎቶ ፍሊከር ላይ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ባወጣው ዘገባ ከ67,000 በላይ ታግ ተለጥፎ ነበር፤ የለጠፉት አካውንቶች ግን ወደ 2,500 ገደማ ናቸው። ዋናው ፍሬ ታጉ ነው ብዬ አላምንም። ሰዎች በአስተያየት «ይህ ሕንፃ እዚህ ቦታ ያለው ነው፣ ይህች ሴት እገሌ ናት» ብለው ጻፉ፤ ሠራተኞቹ አጣርተው ከ500 በላይ የካታሎግ መዝገቦችን አረሙ። «አጣርተው» የምትለው ቃል ትሰመርበት፤ አስተያየት በቀጥታ ወደ መዝገብ አይገለበጥም።

ካታሎገር፦ ኮንግረስን ምሳሌ ማድረግ ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት አይሠራም። 200 መጽሐፍ ተዋሽ ያለው ቦታ ስንት ታግ ያገኛል? አንድ መጽሐፍ ላይ አንድ ሰው የለጠፈው አንድ ቃል የዚያ ሰው ስሜት ነው፤ አሥር ሰው የተስማማበት ሲሆን ነው መረጃ የሚሆነው።

ሲስተም፦ እሱ እውነት ነው። ለዚህ ነው ላይብረሪቲንግ (አንባቢዎች መጽሐፎቻቸውን የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) የሰበሰበውን ታግ በአይኤስቢኤን (በመጽሐፍ መለያ ቁጥር) እያገናኘ ለቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች የሚያቀርበው። ግን አይኤስቢኤን የሌለው የቆየ መጽሐፍ ምንም አይመጣለትም፤ ብዙ ጊዜ እርዳታ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

ማኅደር፦ ወደ ፍሊከር ስትወጡ ዋናውን ቲፍ (ባለ ሙሉ ጥራት የምስል ፋይል) ከእጃችሁ አታውጡ፤ የሚወጣው ጄፔግ (ታምቆ ያነሰ ቅጂ) ይሁን። ብዙ መድረኮች በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መግለጫ ፎቶው ሲጫን ይሰርዙታል፤ ስለዚህ የመዝገብ ቁጥሩ በሚታየው መግለጫ ጽሑፍ ውስጥም ይግባ። ያለዚያ የመጣ አስተያየት የትኛው ፎቶ ላይ እንደሆነ መልሶ ማያያዝ ጭንቅ ነው። አስተያየቱን በየወሩ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ነጻ የነበረ ሁሉ ነጻ አይቀርም፦ ፍሊከር በ2019 ነጻ አካውንትን በ1,000 ፎቶ ወሰነ፤ ጉግል ሪደር (የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች መከታተያ) በጁላይ 2013 ተዘጋ፤ በዴሊሺየስ (የሊንክ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የሊንክ ዝርዝር የሠሩ ቤተ መጻሕፍትም ባለቤቱ በተቀያየረ ቁጥር አብረው ተንገላቱ።

ማጣቀሻ፦ ቴሌግራሙን እኔ እደግፋለሁ፣ ግን ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይሁን። ግሩፕ ውስጥ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ። የቻናል ተከታዮችን ዝርዝር የሚያየው አድሚን ብቻ ነው፤ ማን ምን እንደሚያነብ ለማንም መታየት የለበትም። ጥያቄ በግል መልእክት ይምጣ፣ ሆኖም ተራው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ጽሑፉ ሰርቨራቸው ላይ ይቀመጣል። ስለ በሽታ ወይም ስለ ፍርድ ቤት ጉዳይ የሚጠይቅ ሰው «ስልክ ይደውሉ ወይም ይምጡ» ይባል። ጉዳዩ ሲያልቅ ቻቱ ለሁለቱም ወገን ይጥፋ፤ ለዓመቱ ሪፖርት የሚቀረው ቀኑና የጥያቄው ዓይነት ብቻ ይሁን።

ሙሉ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አትለጥፉ። እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ይፈትናል፤ የቅጂ መብቱ ግን አልጠፋም። የካታሎጉን ሊንክ ለጥፉ፤ ሰው ወደ እናንተ ይመጣል፣ ስንት ሰው እንደተጫነውም ትቆጥራላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ቻናሉ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ሲከፈት ነው። ሰውየው ሥራ ለቀቀ፣ ቻናሉም አብሮት ሄደ። ባለቤትነት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ከበራ 7 ቀን ካላለፈው አይሆንም። በመሰናበቻው ቀን ጠዋት አይጀመርም ማለት ነው። ከመጀመሪያው በመሥሪያ ቤቱ ሲም ካርድ ክፈቱት።

ካታሎገር፦ እሺ፣ በተለየ ሠንጠረዥ ከሆነ ታጉን አልከለክልም። አጽዳቂው በስም ይመደብ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓትም ይሰጠው። ሰው ከሌለ አይከፈት፤ ሦስት ወር ሳይጸድቅ የቆየ አስተያየት ከተዘጋ በር ይከፋል።

ሲስተም፦ ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር) ላይ ታግ ሳይጸድቅ እንዳይታይ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ እሱን አብሩት። አንድ ጉድ ግን አለው፦ የሚያጸድቀው ቃሉን እንጂ መጽሐፉን አይደለም። «ሌባ» የሚለው በመርማሪ ልብ ወለድ ላይ ቢጸድቅ፣ ነገ አንዱ በሕይወት ባለ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ ሲለጥፈው ማንንም ሳይጠይቅ ይታያል።

ካታሎገር፦ ይኸው! ታዲያ ሰውን የሚገልጽ ቃል ሁሉ ከመነሻው ውድቅ ይደረግ። መርማሪ ልብ ወለዱ ያለ «ሌባ» ይኑር።