የመኪና ብራንድ አስተማማኝ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት በምንድነው የምታውቁት?

አዲስ_ገዢ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያገለገለ መኪና ልገዛ እያሰብኩ ነው፣ ሴዳን ወይ ትንሽ ኤስዩቪ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሆነው ቢሆን ይበቃኛል። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ የማያስቸግረው ብራንድ የቱ ነው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የራሱን ነው የሚያሞግሰው። ቶዮታ የሚነዳው ከቶዮታ ውጪ እንዳታስብ ይለኛል፣ ሀዩንዳይ ያለው ደግሞ እሱ የድሮ ወሬ ነው አሁን ኮሪያዎቹ በልጠዋል ይላል፣ ጀርመን የያዘው ሌላው ሁሉ ቆርቆሮ ነው ባይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ደረጃ የሚያወጡትን ድርጅቶች ሳይ ደግሞ አንዱ ጋ አናት ላይ ያለው ብራንድ ሌላው ጋ መሀል ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ እና ማንን ልመን? መኪናውን ቢያንስ አስር ዓመት መያዝ ነው የምፈልገው፣ ልጆች ይዤ የምሄድበት ስለሆነ መንገድ ላይ እንዲያቆመኝ አልፈልግም። ፍጥነት ምናምን አያሳስበኝም። የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ቀጥታ_መልስ
ቶዮታ፣ ሌክሰስ፣ ሆንዳ፣ ማዝዳ። ከነዚህ አንዱን ግዛና አርፈህ ንዳ ወንድሜ። የአሜሪካው የሸማቾች ድርጅት ኮንሲውመር ሪፖርትስ በሚያወጣው ደረጃ ቶዮታና ሌክሰስ ስንት ዓመት ከላይ ናቸው፣ ይሄ በአጋጣሚ አይመጣም። ብዙ መመራመር ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

የጋራዥ_ሰው
ቀጥታ_መልስ ያለው ስህተት አይደለም፣ ግን በሱ ብቻ መኪና አይገዛም። እኔ ሞተር መፍታት ነው ስራዬ፣ እኛ ጋ ተጎትቶ የሚመጣው ሁሌም የሆነ ሞተር ወይ የሆነ ካምቢዮ ነው፣ በጥሩ ብራንድም ውስጥ መጥፎ ሞተር አለ፣ ስሙ በተበላሸ ብራንድም ውስጥ እድሜ ልክ የሚሰራ ሞተር አለ።

ቶዮታን ራሱን እንይ። እ.ኤ.አ ከ2007 እስከ 2009 የተሰራው ካምሪ ላይ ያለው 2.4 ሊትር ሞተር፣ 2ኤዜድ-ኤፍኢ የሚባለው፣ ዘይት ይበላል፣ ፒስተኑና ፋሻው ላይ ችግር ስለነበረ ቶዮታ ራሱ ዋስትናውን አራዝሞ ሲቀይር ነበር። ያንኑ ካምሪ በቪ6 የገዛው ሰው ግን ይሄ ችግር አይመለከተውም። ቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ በ2024፣ የ2022 እና የ2023 ቱንድራ የሚባለው የቶዮታ ፒክአፕና ሌክሰስ ኤልኤክስ ላይ ያለው አዲሱ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ሞተር ውስጥ ፋብሪካ ላይ ሲቆረጥ የቀረ ብረት ብናኝ አለ ተብሎ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ መኪና በአምራቹ ለጥገና ተጠርቷል፣ ሪኮል የሚባለው ነው። የተከበረ ስም፣ አዲስ ሞተር፣ ያው ጣጣ።

ሀዩንዳይና ኪያ ላይም ቴታ 2 የሚባለው 2.0 እና 2.4 ሞተር በዚሁ በብረት ብናኝ ምክንያት የቢየላ ኩሽኔታው እየተበላ ሞተር ይነክስ ነበር፣ በ2015 ሪኮል ተጀምሮ በ2017 ሰፋ። ሰው ከዛ በኋላ ሀዩንዳይ ሞተሩ አይረባም ማለት ጀመረ፣ በዛው ጊዜ የወጡ ትናንሾቹ 1.6 ሞተሮች ግን እዛ ሪኮል ውስጥ የሉበትም። ፎርድ ፎከስ ከ2012 ጀምሮ የወጣው ፓወርሺፍት የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ደረቅ ፍሪሲዮን ነው ያለው፣ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ፍርድ ቤት ድረስ ያደረሰ ጉዳይ ነው። ማንዋል ካምቢዮ ያለውን ያንኑ ፎከስ የያዘ ሰው ስለምን እንደምታወራ አይገባውም።

ስለዚህ ጥያቄህን ቀይረው። የትኛው ብራንድ ብለህ ሳይሆን ይሄ ሞዴል፣ በዚህ ዓመት የወጣው፣ በዚህ ሞተርና በዚህ ካምቢዮ እንዴት ነው በል። አራቱ ተሟልተው ካልተነገሩህ የሚሰጥህ መልስ ግምት ነው። ማርኩ ራሱ ሊያታልልህም ይችላል፣ በ2019 የተመለሰው ሱፕራ ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነው፣ ቶዮታ 86 የሱባሩ ሞተር ነው የያዘው፣ አንዳንድ ገበያ ላይ ስታርሌት ተብሎ የሚሸጠው የሱዙኪ ባሌኖ ነው። መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ በቶዮታ ስም ስትገዛ ምኑን እንደገዛህ እወቅ ነው።

ቁጥር_አንባቢ
ደረጃዎቹ ለምን ይለያያሉ ላልከው፣ የሚጠይቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው፣ ማንም ውሸታም ሆኖ አይደለም።

ጄዲ ፓወር የሚባለው የአሜሪካ የገበያ ጥናት ድርጅት ሁለት ጥናት አለው ሰው ግን እንደ አንድ ነው የሚያወራው። አንደኛው አዲስ መኪና የገዙ ሰዎችን በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ምን ገጠማችሁ ብሎ የሚጠይቀው ነው፣ ሁለተኛው ሶስት ዓመት የያዙትን ነው። ሁለቱም ላይ ውጤቱ በ100 መኪና ስንት ችግር ተባለ የሚል ቁጥር ነው፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እዚህ ጋ በደንብ አስተውል፣ ብሉቱዝ አልገናኝ ማለቱም አንድ ችግር ነው ካምቢዮ መቃጠሉም አንድ ችግር ነው። ባለፉት ዓመታት ሰው አብዝቶ የሚያማርረው ስክሪኑን፣ ስልክ ማገናኛውን፣ ድምጽ ማዘዣውን ነው። እና አንድ ብራንድ ስክሪኑ ስለሚያናድድ ብቻ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፣ አንተ አስር ዓመት ለመያዝ ያሰብክ ሰው የ90 ቀኑን ደረጃ እርሳው።

ኮንሲውመር ሪፖርትስ የራሱን አባላት ነው የሚጠይቀው፣ ባለፉት 12 ወራት ምን ተበላሸ ብሎ፣ ሞተርና ካምቢዮን የመሰለ ከባድ ችግር ላይም የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ ገዢ የሚሻለው። ነገር ግን ገና ለወጣ ሞዴል የሚሰጠው ነጥብ ትንበያ ነው፣ ከብራንዱና ከቀድሞው ሞዴል ታሪክ ተነስቶ የተሰላ። ቱንድራውን አስበው።

ጀርመኖቹ ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። አዳክ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ክለብ መንገድ ላይ ቆሞ እርዳታ የተጠራለትን መኪና ነው የሚቆጥረው፣ እና ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው። አንተ መንገድ ላይ እንዲያቆመኝ አልፈልግም ስላልክ ይሄኛው ለጥያቄህ ይቀርባል። ቲዩቭ የሚባለው የመኪና መርማሪ ድርጅት ደግሞ በየጊዜው የሚደረገውን የግዴታ ምርመራ ውጤት ነው የሚያወጣው፣ ፍሬን፣ መብራት፣ የስር እቃ፣ ዘይት ማፍሰስ። ካምቢዮው ሊሞት ያለ መኪና ፍሬኑና መብራቱ ደህና ከሆነ ያልፋል። ፖርሽ 911 እዛ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንደኞቹ ነው፣ ጥሩ መኪና መሆኑ እንዳለ ሆኖ ባለቤቶቹ በዓመት ትንሽ ኪሎሜትር ነው የሚነዱት በእንክብካቤም ነው የሚይዙት። ቀን ከሌት የሚሰራ የኩባንያ መኪና ጋ ስታወዳድረው መኪናውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው የለካኸው።

እና አንድ ደረጃ ስታይ መጀመሪያ እነዚህን ጠይቅ፣ ማንን ነው የጠየቁት፣ መኪናው ስንት ዓመቱ ነው፣ ችግር ያሉት ምኑን ነው። ሶስት በተለያየ መንገድ የተሰሩ ደረጃዎች ላይ ያው ሞዴል ከላይ ከሆነ ያኔ እመነው።

አዲስ_ገዢ
እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሁለት መኪና ላይ ቆሜያለሁ፣ አንደኛው አዲስ ቅርጽ ወጥቶለት የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተሰራ ነው፣ ሁለተኛው ከሱ በአንድ ዓመት ቀድሞ የተሰራ የድሮው ቅርጽ የመጨረሻው ነው። ሰው ሁሉ አዲሱን ቅርጽ ግዛ ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሪኮል የበዛበት ብራንድ መጥፎ ነው ማለት ነው ወይ?

የጋራዥ_ሰው
የድሮውን ቅርጽ የመጨረሻ ዓመት ውሰድ፣ እዚህ ላይ አልጠራጠርም። አንድ ሞዴል አምስት ስድስት ዓመት ሲሰራ ፋብሪካው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጡትን ቅሬታዎች እያየ ቱቦውን ይቀይራል፣ ሶፍትዌሩን ያስተካክላል፣ የሚሰነጠቀውን ፕላስቲክ ያወፍራል፣ መጨረሻ ላይ የወጣው እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው።

ሌላው እኔ የማየው ስሪቱን ነው። ቱርቦ የሌለው፣ ነዳጁን ቫልቭ ጀርባ የሚረጭ፣ በካቴና የሚዞር ሞተር፣ ከተለመደው ኮንቨርተር ያለው አውቶማቲክ ወይ ማንዋል ጋር ሲሆን ለአስር ዓመት የሚያስብ ሰው ይሄን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ዘይት ውስጥ የሚዞር ቺንጊያ ያላቸው ሞተሮች አሉ፣ የፎርድ 1.0 ኢኮቡስትና የፔጆ ሲትሮይን 1.2 ፒዩርቴክ፣ ቺንጊያው እየተላጠ ፍርፋሪው የዘይት መምጠጫውን ይደፍናል፣ ዘይት ፓምፑ መሳብ ሲያቅተው ሞተሩ ይደርቃል። በኋላ የወጡት ላይ ወደ ካቴና የተመለሱ አሉ፣ ለዚህ ነው ዓመቱንና የሞተሩን ኮድ ሳታውቅ አትክፈል የምለው። ሲቪቲ የሚባለው፣ በማርሽ ፈንታ በቺንጊያ የሚሰራው አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ የማን ሲቪቲ እንደሆነ ጠይቅ፣ ኒሳን በብዙ ሞዴሎቹ ላይ የሲቪቲ ዋስትናውን ማራዘም ነበረበት።

ሀይብሪድ ይወሳሰባል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። የቶዮታው ሀይብሪድ ሲቪቲ ቢባልም ውስጡ ቺንጊያ የለውም፣ የማርሽ ጥርስና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። በ1997 ከወጣው ፕሪየስ ጀምሮ ያው ሀሳብ ነው እየተሻሻለ የመጣው። ባትሪውን አስመርምር እንጂ ስሙን ሰምተህ አትሽሽ።

ቁጥር_አንባቢ
ሪኮሉን እኔ ልመልስ። የሪኮል ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ብዙ የሚሸጥ ብራንድ ብዙ ይጠራል፣ ቶሎ የሚያምን ኩባንያም ብዙ ይጠራል። ሲፈነዳ ብረት የሚረጨው የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ሆንዳን፣ ቶዮታን፣ ቢኤምደብሊውን፣ ኒሳንን ሁሉ ነክቷል፣ እቃውን የሰራው ሌላ አቅራቢ ነው። እሱ ግን የሰው ህይወት የቀጠፈ ነገር ስለሆነ መኪናው ጠንካራ ነው ብለህ አትለፈው። 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ወስደህ አምራቹ ወይ የመንግስት የሪኮል መፈለጊያ ላይ አስገባ፣ ያልተሰራ ሪኮል ካለ ይወጣል። የሞተርና የካምቢዮ ሪኮል ሲሆን ደግሞ ምን ተደረገ ብለህ ጠይቅ፣ ሞተሩ ተቀይሯል ወይስ ሶፍትዌር ብቻ ነው የተጫነው።

እናት_ሹፌር
ሁላችሁም ስለ መበላሸት ነው የምታወሩት፣ ስለ መጠገን ማንም አላነሳም። የኔ መኪና ደረጃ ላይ ከላይ ካሉት ነው፣ ብራንዱን አልጠራም፣ አንዲት ሴንሰር ሞተችና እቃው እስኪመጣ ድረስ መኪናው ቆመ፣ እኔ ልጆቼን በሰው መኪና ነበር የማመላልሰው። እቃዋ ትንሽ ናት፣ ግን የሚያውቃት መካኒክ የለም፣ ኮምፒውተሩን የሚያነበው መሳሪያ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ ካለህበት ቦታ የዛ ሞዴል ፍሬን ሸራ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የስር እቃ፣ ሴንሰር ይገኛል ወይ ብለህ መለዋወጫ ሻጮቹን ሳትገዛ በፊት ደውለህ ጠይቅ። አልፎ አልፎ የሚበላሽ ግን በማግስቱ የሚጠገን መኪና ለልጆች እናት ይሻላል ብዬ ነው የማምነው።

ቀጥታ_መልስ
እህቴ ያልሽው ላይ እስማማለሁ፣ እኔም ቶዮታ ያልኩት ግማሹ ምክንያቴ እሱ ነው፣ እቃውም መካኒኩም ይገኛል።

የጋራዥ_ሰው
እናት_ሹፌር ትክክል ነሽ፣ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ነገር ነው።

አዲስ_ገዢ፣ ሞዴሉን ከመረጥክ በኋላ የምታየው መኪና ራሱ ይቀራል፣ ጥሩ ሞተር ዘይት ሳይቀየርለት ከኖረ ከመጥፎው አይሻልም። የሰርቪስ ወረቀቱን ተቀበልና ቀኑንና ኪሎሜትሩን አገናኝ። የካምቢዮ ዘይት እድሜ ልክ አይቀየርም የሚልህ ካለ አትስማው፣ አስር ዓመት ለሚይዘው ሰው ይቀየራል። ልታየው ስትሄድ ሞተሩን አስነስተው እንዳይጠብቁህ ንገራቸው፣ ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለስ፣ የካቴና ድምጽ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ የሚንቀጠቀጥ ሚኒሞ በቀዝቃዛው ነው የሚታየው። ከዛ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን የኦቢዲ ስካነር አስገባና የብልሽት ኮድ የለም ሲል አትደሰት፣ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች አልተጠናቀቁም ካለ በቅርቡ ኮዱ ተሰርዟል ወይ ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው፣ ጥቂት ቀን ይነዳና እንደገና ይታያል በላቸው፣ እምቢ ካሉ ተወው።

የሁለቱንም መኪና የሞተር ኮድና የካምቢዮ ዓይነት እዚህ ጻፍልኝ፣ የማውቀውን እነግርሃለሁ።