ወርድል፦ አራት ፊደል አረንጓዴ ሆኖ እንዴት እሸነፋለሁ?

የአቶቴዋ፦
ሰላም የሐዋሳ ወርድል ተጫዋቾች። ባለ አምስት ፊደሉን የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ ማግኘት አቃተኝ። ለምሳሌ ሁለተኛው ላይ "ፋይት" (ኤፍ፣ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ) ብዬ ከኤፍ በቀር አራቱም አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ማለትም ፊደሉም ቦታውም ትክክል ነው። ከዚያ ላይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ማይት ስል ሙከራው ያልቃል። ሌላው፣ "ኢ"ን ሁለት ጊዜ ስጽፍ አንዱ ቢጫ (ቃሉ ውስጥ አለ፣ ቦታው ግን ሌላ ነው)፣ አንዱ ግራጫ (ቃሉ ውስጥ የለም) ይሆናል። ጨዋታው ተበላሽቶ ነው?

ታቦር ስር፦
አልተበላሸም። ቃሉ ውስጥ ያለው "ኢ" አንድ ብቻ ስለሆነ ትርፉ ግራጫ ይሆናል። ግራጫ ሆነ ብለሽ "ኢ"ን እንዳትጥይው! ቢጫውም ግራጫውም ያሉበት ቦታ ግን ውድቅ ነው፤ "ኢ" ያለው ከቀሩት ሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው።

ፒያሳ ማዶ፦
እህቴ፣ የ"ፋይት"ን ጣጣ አንድ በአንድ እየገመትሽ አትወጪውም። የተለመዱት ቃላት የሚጀምሩት በኤል፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤምና ኢ (ኤይት) ነው። ሰባት ቃል ለአራት ሙከራ! ስለዚህ ሦስተኛውን ለማሸነፍ ሳይሆን ለማጣራት አውጪው፦ "ስናርል" ብለሽ ጻፊ፣ ማለትም ኤስ፣ ኤን፣ ኤ፣ አር፣ ኤል። አራቱ ተነባቢዎች በአንድ ጊዜ ይፈተሻሉ። አንዱ ቀለም ካወጣ አራተኛው ላይ ጨረስሽ። ሁሉም ግራጫ ከሆነ የቀሩት ታይት፣ ማይትና ኤይት ናቸው፤ ቀሪው ሦስት ሙከራ ይበቃቸዋል።
ሃርድ ሞድ (ከባዱን አጨዋወት) ከከፈትሽ ግን ይሄ አይሠራም፤ የተገኘውን አረንጓዴ ካልተጠቀምሽ ቃሉን አይቀበልሽም። እዚያ መፍትሔው ቀድሞ "ፋይት"ን አለመጻፍ ነው።

የአቶቴዋ፦
ተባረክ። መጀመሪያስ ምን ልጻፍ? ብዙዎች "አዲዩ" (ኤ፣ ዲ፣ አይ፣ ኢ፣ ዩ) ይላሉ።

ታቦር ስር፦
"አዲዩ" አራት አናባቢ ይፈትሻል፣ ግን አናባቢ ብቻውን ብዙ አያጣራም፤ ቃል ከቃል የሚለየው በተነባቢው ነው። እኔ "ክሬን"ን (ሲ፣ አር፣ ኤ፣ ኤን፣ ኢ) እመርጣለሁ። ምንም ካላወጣ "ፓይለት" (ፒ፣ አይ፣ ኤል፣ ኦ፣ ቲ) አስከትዪ፤ ሁለቱ አንድም ፊደል ስለማይጋሩ 10 ፊደል ጠራልሽ ማለት ነው። "ክሬን" ሁለት ሦስት ቀለም ካወጣ ግን "ፓይለት"ን ተዪው፣ በተገኘው ፊደል ላይ ሥሪ።

መናኸሪያ ሰፈር፦
ሁለት ነገር ልጨምር። አጻጻፉ የአሜሪካ ነው፦ ከለር፣ ሂዩመር፣ ፌቨር ያለ "ዩ" ይጻፋሉ፣ አምስት ፊደል የሚሆኑትም ለዚህ ነው። በብሪታንያ አጻጻፍ የለመደ ሰው ትዝም አይሉት። ደግሞ ኤስ ተጨምሮበት ብዙ ቁጥር የሆነ ቃል ለመፈተሻ ይጠቅማል እንጂ መልስ ይሆናል ብለሽ አትጠብቂ።
አዲሱ ቃል የሚገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በስልክሽ ሰዓት ነው። ቀኑ የተዛባ ስልክ ከጓደኞችሽ የተለየ ቃል ያመጣል፤ ውጤት ከማወዳደርሽ በፊት እሱን እዪ።